የእንግሊዙ እንደራሴ ታይፒስት ሳለሁ

ያን ጊዜ እንግሊዙን «እሳቸው» እለው ነበር። አባቴ ፊትም፣ ጎረቤት ፊትም፣ ለብቻዬ ሳስበውም «እሳቸው» ነበር። ዛሬ ብዕሬ እንቢ ብሎኛል። በዕድሜ አባቴን የሚበልጥ ሰው ነበርና አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ «እሱ» እያልኩ እጽፋለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ አንድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገብቼ ታይፕና አጭር ጽሕፈት ተምሬ ጨርሻለሁ፤ እንግሊዝኛዬም ደህና ነበር። ሥራ ግን አላገኘሁም። ሰበታ አባቴ ቤት ተቀምጬ የጎረቤቱን ማመልከቻ በእጄ እየጻፍኩ ቀኑን እገፋለሁ። አባቴ የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። በወጣትነቱ ከመንዝ መጥቶ እዚያው ቀረ። እኔ የተወለድኩት ሰበታ ስለሆነ አማርኛውን ከቤት፣ ኦሮምኛውን ከደጅ ይዤ አደግኩ።

አንድ ቀን አባቴ ለምሳ ሲመጣ ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ ነው ማውራት የጀመረው።

«ከእንግሊዝ አገር ትልቅ ሰው መጥተዋል። የፓርላማ አባል የነበሩ። ከወጨጫ ተራራ ሥር ያለውን የድንጋይ ቤት ተከራይተው የሕይወታቸውን ታሪክ ሊጽፉ ነው። ታይፒስት ይፈልጋሉ።»

«ሎርድ ናቸው?» አልኩት።

«ሎርድም ባይሆኑ ከሎርድ አያንሱም። ብቻ ነገ ጸጉርሽን ተሠርተሽ ትቀርቢያለሽ።»

ሎርድ አልነበረም። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የገባኝ። የእነሱም ፓርላማ እንደኛው ሁለት ቤት አለው፤ አንደኛው የመኳንንቱ፣ ሌላው ሕዝብ የሚመርጠው፣ እኛ የሕግ መምሪያ የምንለው ዓይነት ነው። ሰውዬው በሕዝብ ተመርጦ ሦስት ጊዜ ገብቷል፤ በአራተኛው ወድቆ ወጣ። የሰበታ ሰው ግን «ሎርዱ» ይለዋል። እሱም አንድ ቀን አላረመም። «ሎርድ» ሲሉት አገጩን ቀና ያደርጋል።

ጧት ሦስት ሰዓት እደርሳለሁ። እሱ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ሕይወቱን ይናገራል፤ እኔ በአጭር ጽሕፈት እይዛለሁ። ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጬ ከሥሩ ካርቦን አድርጌ እተይበዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ወድጄው ነበር፤ ይህን መካድ አልፈልግም። የተወለደው በሰሜን እንግሊዝ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ሥጋ ሻጭ ነበር። ልጅ ሆኖ በየቤቱ ሥጋ ሲያደርስ ደሙ ልብሱ ላይ እየደረቀ፣ ትምህርት ቤት አጠገቡ የሚቀመጥ እየጠፋ እንዳደገ ነገረኝ። ከዚያ ፈተና አልፎ ትልቅ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ በየቤቱ እየዞረ የሕይወት መድን ሲሸጥ ኖረ። ጦርነቱ ሲመጣ ወታደር ሆነ፤ በኬንያ በኩል አገራችን ገብቶ፣ ጣልያን ሲባረር ሰበታ ላይ ሻምበል ሆኖ ጥቂት ወራት ተቀመጠ። አገሩ ሲመለስ «ኢትዮጵያን ነጻ ያወጣ» ተብሎ ተወዳደረና ተመረጠ። የሥጋ ሻጭ ልጅ የአገር ሕግ አውጪ መሆኑ ደስ አለኝ። ማታ ለአባቴ ስነግረው እሱም ደስ አለው።

በሁለተኛው ሳምንት የተየብኩትን ሲያነብ «ሥጋ ሻጭ» የሚለውን ሰርዞ «ነጋዴ» ብሎ ጻፈበት። ምዕራፉን እንደገና ተየብኩት። ትንሽ ቆይቶ ነጋዴው ቀረና አባቱ «ከብት አርቢ» ሆኑ። አሁንም እንደገና ተየብኩት። ወሩ ሲያልቅ የጥንት ባለ ርስት ዘር ነበሩ። እኔም ከልቤ፣ ላፌዝ ሳይሆን ሥራው እንዳይደጋገምብኝ ብዬ፣ «አባትዎን እንግዲህ የመጨረሻው ላይ ምን ላድርጋቸው?» አልኩት።

አልሳቀም። «የጻፍኩልሽን ጻፊ» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስተይብ አባቴን አስብ ጀመር። አባቴ የተጣፈ ኮት ለብሶ ፍርድ ቤት የሚውል ሰው ነው። እኔ እሱን ባለ ርስት ብዬ ልጽፈው? ያሳደገው እጅ ደም ስለነካው አባቱን በወረቀት ላይ የሚገድል ሰው ምን ዓይነት ነው?

ቀጥሎ ዳክዬዎቹ መጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ አበባ ካሉ ወዳጆቹ ጋር በላንድሮቨር ሱሉልታ ይወርዳል፤ ረግረጉ ላይ ዳክዬና ዝይ ሲተኩስ ውሎ ይመጣል። የገደላቸውን አያርድ፣ አይነጭ። ኮሪደሩ ላይ፣ እኔ ከምቀመጥበት ወንበር በላይ በአንገታቸው ይሰቅላቸዋል። ሥጋው የሚጣፍጠው ሲላላ ነው ብሎ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያቆያቸዋል። ሁዳዴ ነበር፤ ሆዴ ባዶ ነው። ዝንቡ ይዘንባል። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አስሬ እተይባለሁ። አንድ ቀን ከአንዷ አፍ የወጣ ነገር ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ሮጬ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አስመለሰኝ። ስመለስ እሱ ወረቀቱን በመሐረብ እየጠረገ፣ «ትለምጂዋለሽ፤ መሠልጠን እንደዚህ ነው» አለኝ። በማግሥቱ ያቺኑ ዳክዬ አስጠብሶ አጥንቷን በጣቱ ይዞ ሲግጥ፣ ሲመጥ፣ ጣቱን ሲልስ ቆሜ አየሁ። ያን ሽታ ከልብሴ ለማስለቀቅ ስንት ጊዜ እንዳጠብኩት!

ደብዳቤዎቹ ግን ከዳክዬው ባሱብኝ። ከእንግሊዝ ያስጫናቸው አራት ካርቶኖች ነበሩት፤ ፓርላማ ሳለ የመረጡት ሰዎች የጻፉለት ናቸው። ሰበታ ጧት ጧት ይበርዳልና ቤቱ ውስጥ ምድጃ ይነዳል። እሳቱን የሚያያይዘው በነዚያ ደብዳቤዎች ነው። አብዛኞቹ አልተከፈቱም። አንድ ጧት እሱ ሲላጭ ጠብቄ ጥቂቶቹን ከፍቼ አነበብኩ። አንዲት አሮጊት ጣሪያዋ እንደሚያፈስና አልጋዋን ከጥግ ጥግ ስትጎትት እንደምትከርም ጽፋለች። አንድ ሰው ልጁ ከማዕድን ጉድጓድ ታሞ እንደወጣ፣ ሐኪም እንዲያይለት ይለምናል። ሌላው፣ «ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው፤ ደርሶዎት ከሆነ ደርሶኛል ብቻ ይበሉኝ» ይላል። እንግሊዝ አገር ጣሪያ ያፈሳል፣ ሰውም ደጅ ይጠናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ልክ አባቴ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጨብጠው እንደሚሰለፉት ሰዎች ናቸው።

የዚያን ዕለት የተናገረው ምዕራፍ ስለ ፓርላማ ሥራው ነበር። «የመራጮቼን ደብዳቤ ሁሉ በገዛ እጄ መልሻለሁ» አለ። እኔ ይህን እይዛለሁ፤ ከውስጥ ወረቀቱ ሲንጣጣ ይሰማል።

ሦስቱን ደብዳቤዎች ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ለአባቴ በአማርኛ አነበብኩለት። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማና፣ «ትልቅ ሰው የሁሉን ሊያደርስ አይችልም» አለ። ደብዳቤዎቹን ግን አጣጥፎ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጣቸው።

ሰውዬው ቤት ማክሰኞና ዓርብ ልብስ የሚያጥቡ ሴት ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ባላቸው የሞተባቸው፣ የሰበታ ዙሪያ ገበሬ ሚስት የነበሩ ናቸው። እኔ «አዴ» እላቸዋለሁ፤ በኦሮምኛ ትልቅ ሴት የሚከበርበት ቃል ነው። ሥራዬን ስጨርስ ጓሮ ወርጄ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ሰውዬው ያለማቋረጥ ይናፈጣል፤ መሐረቦቹን የሚሰጣቸው ጨብጦ፣ እንዳሉ ነው። እሳቸው አንድ በአንድ ዘርግተው በአመድ አሽተው ያጥባሉ። አንድ ዓርብ አላስችል አለኝ።

«አዴ፣ ይህን በእጅዎ ሲነኩ አይቀፍዎትም?»

«የሌላ ሰው ቢሆን ይቀፈኝ ነበር» አሉኝ። «የሱ አይቀፈኝም። አንቺ አታውቂም፤ ይህ ሰው ባሌን አልብሶ የቀበረልኝ ሰው ነው።»

ከዚያ ነገሩኝ። ጣልያን ወደ ጅማ ሲሸሽ ከተማው ዳር አንድ መጋዘን ጥሎ ሄዶ ነበር። የእንግሊዝ ሻምበል መጣና በአስተርጓሚ አስነገረ፤ «መጋዘኑ ውስጥ ብርድ ልብስ አለ፤ ገብቶ ያወጣ ገበሬ አንድ አንድ ይወስዳል» ተባለ። በዚያ ዓመት ሰው ዕርቃኑን ነበር። ባላቸው ከጎረቤቶቹ ጋር ሄደ። ውስጡ ፈንጂ ኖሯል። ባላቸው ሞተ፤ አንድ ጎረቤታቸው እግሩን አጣ።

«ማን አወቀ!» አሉ አዴ። «ሻምበሉ አዝኖ አዲስ ብርድ ልብስ ላከልኝ። በሱ ጠቅልዬ ቀበርኩት። የሥጋ ዘመዶቹ እንኳ ከፈን አላመጡም። ያ ሻምበል ይኸው ነው። ጆሮው ሥር ባለችው ጥቁር ምልክት አወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩትም? ቢያውቅ ደስ ይለው ነበር።»

«ልጄ፣ ውለታን ለዋለው ሰው ማስታወስ ልመና ይመስላል» ብለው መሐረቡን ጨመቁት።

የጦርነቱ ምዕራፍ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ዓርብ ነበር። አዴ ከበረንዳው በታች፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ አንሶላ ያጥባሉ። እሱ ሻዩን ይዞ ቆሞ እየሳቀ ነበር የሚናገረው። የፈንጂ ባለሙያዎቹ ገና ሩቅ ነበሩ፤ አለቃው ግን መጋዘኑ ነገውኑ ይከፈት ብሎታል። ወታደሮቹን አስገብቶ ማስጨረስ አልፈለገም። «ስለዚህ ምን አደረግሁ? ፈንጂውን በብርድ ልብስ ጠረግሁት!» ጣልያኖች በሩ ላይ የራስ ቅል የተሣለበት ማስጠንቀቂያ ሰቅለው ነበር፤ ገበሬዎቹ እንዳይፈሩ መጀመሪያ እሱን አስነቀለው። ከዚያ አስነገረ። እነሱም እየተጋፉ ገቡ። አንዱ ከነብርድ ልብሱ እንዴት ወደ ላይ እንደተነሳ በእጁ አሳየኝ። ሻዩ ፈሰሰ። ሳቀ።

አዴ የሳቁን ድምፅ ሰምተው ቀና አሉ፤ የሳቀበትን ሳያውቁ እሳቸውም ፈገግ አሉለት።

«ፈንጂ እንዳለበት ያውቁ ነበር?» አልኩት።

«እንዴት አላውቅም? ምልክቱን ራሴ አይደል ያስነቀልኩት? አሁን ይህን ጻፊ፤ ‹ከእኛ ወገን አንድም ሰው አልሞተም።› ከሥሩ አስምሪበት።»

«የሞተው ሰውስ? ቤተሰብ አልነበረውም?»

«ሁሉም ቤተሰብ አላቸው» አለና አሰብ አደረገ። «አዎ፣ ለመቅበሪያ ሌላ ብርድ ልብስ ልኬያለሁ። እሱንም ጨምሪው፤ ጥሩ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ተየብኩት። ስለ ራሴ የምጠላው ይህን ነው። ጣቴ አልተንቀጠቀጠም፤ አንድ ፊደል አልሳትኩም። አስምሪ ያለኝን አሰመርኩ። ገጹ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

ሰኞ ለአባቴ ነገርኩት። ፊቱ ገረጣ፤ ለካ የዚያን መጋዘን ነገር እሱም በወሬ ያውቀው ኖሯል። ግን እንዲህ አለኝ፤ «ጦርነት ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት አለፈው። የሰው ቤት ምሥጢር ይዘሽ አደባባይ ብትወጪ ነገ ማን ይቀጥርሻል? ለሴትዮዋስ ምን ትጨምሪላታለሽ? ተጽናንታ የምትኖርበትን ታፈርሺባት እንደሆን እንጂ።» የመጨረሻው አነጋገሩ ሚዛን ደፋብኝ። ዝም ልል ቆርጬ ነበር።

ማክሰኞ ጧት ስደርስ አዴ የሱን መሐረብ እያሹ ሲመርቁት አገኘኋቸው። «የሚያስለው አልተወውም፤ እግዜር ይማረው» አሉኝ። ዝም ማለት አልቻልኩም። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ በኦሮምኛ ሁሉንም ነገርኳቸው። እጃቸው ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ማል ጄዴ?» አሉ፤ ምን አለ? «ምልክቱን ያለውን ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው።

«ሲናገር ይስቅ ነበር? ዓርብ ዕለት የሳቀው ይህን ነው?»

«አዎ፣ አዴ።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና «ነይ» ብለው ተነሡ። በረንዳው ደረጃ ሥር ቆምን። እሱ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ።

«ሴትዮዋ ምን ፈለገች?»

«ሊጠይቁዎት ነው። የመጋዘኑን ምልክት ያስነቀሉት እርስዎ ነዎት ወይ ይላሉ።»

«ማናት እሷ?»

«ልብስዎን የሚያጥቡት ናቸው» አልኩት። ስድስት ወር ሙሉ ልብ ብሎ አይቷቸው አያውቅም። «ባላቸው በዚያ መጋዘን የሞተው ሰው ነው።»

እንግዲህ የሰው ፊት ብዙ አይቻለሁ። ይደነግጣል ብዬ ነበር፤ ይክዳል ብዬ ነበር። ፊቱ ግን በራ! ዘሎ ተነሣ። «ድንቅ ነው!» አለ። «ለመጽሐፌ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል! ብርድ ልብሱ ሲደርሳት ምን ተሰማት? ጠይቂያት። ቆይ፣ ካሜራዬን ላምጣ።» ገብቶ ካሜራውን አንጠልጥሎ ወጣ።

«ምን አለ?» አሉኝ አዴ።

እንዳለ ተረጎምኩላቸው። ላሳምረው አልቻልኩም።

«የጠየቅኩትን ይመልስልኝ። አውቆ ነው?»

«ጦርነት እንደነበር ንገሪያት» አለ ካሜራውን እያስተካከለ። «ባሏ ለነጻነት እንደሞተ ንገሪያት። መጽሐፌ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ስሙ ለዘለዓለም ይኖራል። ማን ነበር ስሙ?»

«የባሌን ስም ከኔ አፍ አይሰማም» አሉ አዴ። ደረጃውን ቀስ ብለው ሁለት ረግጠው ወጡና ፊት ለፊቱ ቆመው ተፉበት። ምራቁ ባለፈው ዓርብ ያጠቡት ሸሚዝ ላይ አረፈ። ደግመው ተፉ።

እሱ አንገቱን ሰበር አድርጎ ተቀበላቸው! ፈገግ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቆቡን አውልቆ። ምን እንደሆነ በዚያች ደቂቃ አልገባኝም። አዴ ዞረው ወረዱ። አንሶላውን ከነሳሙናው ገንዳው ውስጥ ትተው በበሩ ወጡ። እኔም ተከትያቸው መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ኮሪደሩ ላይ ገብቼ ከዳክዬዎቹ ሥር ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ ጧት ገባኝ። እሱ እንደ ልማዱ በረንዳው ላይ እየተንጎራደደ እንዲህ አለ፤ «መበለቲቱ ደረጃዬን ወጥታ በአገሩ የጥንት ልማድ መሠረት በምራቋ መረቀችኝ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ምስጋናዋ አልቀዘቀዘም ነበር።»

እርሳሴን አስቀመጥኩ።

«ያ ምርቃት አልነበረም» አልኩት። «ተፍተውብዎት ነው። ንቀው፣ ጠልተው ነው የተፉብዎት። ባላቸውን አውቀው እንደገደሉባቸው ነግሬያቸዋለሁ።»

አልተቆጣም። እንደ ሕፃን አየኝና በርኅራኄ ሳቀ። «አንቺ ተምረሽ የከተማ ሰው ሆነሻል፤ የገዛ አገርሽን ባህል አታውቂም። እኔ በዚህ ጉዳይ ፓርላማችን ውስጥ ንግግር ያደረግሁ ሰው ነኝ። ሽማግሌዎች እንዴት እንደሚመርቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ጻፊ።»

ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው «ወረቀቱን ቀደድሽበት?» ይለኛል። አልቀደድኩም። ያለፈው ቀን ሥራ በተርታ ተደርድሮ፣ ካርቦኑ ተስተካክሎ፣ የጽሕፈት መኪናው ልብሱን ለብሶ ነው ትቼው የወጣሁት። እጄ ልማዱን አልተወም።

አባቴ በጣም ተቆጣ። «ለእንዲህ ያለ ሰው ጀርባ ይሰጣል?» አለ። ኮቱን ለብሶ ሄዶ እጅ ነሥቶ ይቅርታ ጠየቀልኝ። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ በቀኝ እጁ አንድ ዳክዬ በእግሯ ይዟል፤ ሰውዬው «ቂም የለኝም» ብሎ የሰጠው ነው። አባቴ በሰበታ መንገድ፣ ከሰው ሰላምታ እየተለዋወጠ፣ ያን የሸተተ ነገር ከሰውነቱ አርቆ ይዞ ነው የመጣው። በሩ ላይ ቆመ። መጣል ፈርቷል፤ ማስገባትም አልቻለም። እናቴ ከቤት ወጥታ አየችውና አንድ ቃል ሳትናገር ከእጁ ነጥቃ ገደል ሰደደችው። አባቴ ብዙ ጊዜ እጁን ታጠበ። ያን ጊዜ አላዘንኩለትም፤ ቀፈፈኝ። ዛሬ ነው የማዝንለት።

አዴ በዚያ ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ከባላቸው መቃብር ያንን ብርድ ልብስ እንዲያወጡላቸው ቄሱን ለመኑ። እኔ አብሬ ነበርኩ። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገሩን በትዕግሥት ሰሙ።

«እመት፣ ያ ሁሉ እኮ አፈር ሆኗል» አሏቸው።

«አባቴ፣ ከገዳዩ ልብስ ጋር ነው ያስተኛሁት። እኔ ነኝ በገዛ እጄ የጠቀለልኩት።»

«ያላወቁት ነገር ኃጢአት አይሆንብዎትም። መቃብር አይከፈትም።»

አዴ ያን ጊዜ አለቀሱ። በረንዳው ላይ ያላለቀሱት ሴት ግቢው በር ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስረው አለቀሱ። አባቴ የተናገረው ትዝ አለኝ። የነበራቸውን መጽናኛ ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ በምትኩ የሰጠኋቸው እውነቱን ብቻ ነው። ደግ አደረግሁ ወይ? እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ከመስቀል በፊት ቤታቸውን ዘግተው ቡራዩ ወደ ሴት ልጃቸው ሄዱ።

ሰውዬው ክረምቱን ሌላ ታይፒስት ከአዲስ አበባ አስመጥቶ መጽሐፉን ጨርሶ አገሩ ገባ። እኔ ከአንድ ዓመት ሥራ ፍለጋ በኋላ አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። መጽሐፉ ታትሞ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ያየሁት እዚያ ነው፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ የሱ ፎቶግራፍ ያለበት። ምሳ ሰዓት ላይ ገለጥኩት። አባቱ ባለ ርስት ናቸው። የመራጮቹን ደብዳቤ በገዛ እጁ መልሷል። የመጋዘኑ ታሪክ ያለበትን ገጽ ፈልጌ አገኘሁት። ገበሬዎቹ የሉም። ፈንጂ ወዳለበት መጋዘን ፊት ፊት የገባው እሱ ራሱ ነው፤ ብርድ ልብሱንም ለዕርቃኑ ሕዝብ ያደለው እሱ ነው። ምርቃቱ ግን አለ፤ ምዕራፉ የሚዘጋው በሱ ነው። እጄን ሳልታጠብ ምሳ አልበላሁም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አለቃዬ አንድ የእጅ ጽሑፍ አመጣልኝ። ሰውዬው ኒሻን ሊሸለም ነው። ለአገራችን የዋለው ውለታ በአማርኛ ተዘርዝሯል፤ በሥነ ሥርዓቱ ላይ የሚነበበውን ነገ ጧት ተይቤ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። ሌሊቱን ሙሉ የምናገረውን አዘጋጀሁ። «ይህን እኔ አልተይብም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ልል ነበር። ጧት ሲሆን ራሴን አሞኛል ብዬ ወረቀት ላክሁ። የተየበችው ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ናት። ጥሩ አድርጋ ተየበችው አሉ።

በዚያው ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቡራዩ ሄድኩ። አዴ ልጃቸው ቤት ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅማሉ። አርጅተዋል። ተሳሳምን፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ስለ ኒሻኑ ነገርኳቸው። እጃቸው መልቀሙን አላቆመም።

«ወረቀቱን አንቺ ነሽ የጻፍሽለት?» አሉኝ።

«አይደለሁም። አልጻፍኩም።»

«እምቢ አልሻቸው?»

ልዋሽ ይቻለኝ ነበር። «አመመኝ ነው ያልኳቸው» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ የለቀሙትን ምስር ወደ አንድ ጎን ሰበሰቡና ልጃቸውን ተጣርተው፣ «እንግዳ መጥቷል፤ ምሳ አቅርቢ» አሏት።